ሃንዲካፔን ከ34 ወደ 18 ላወርድ ስነሣ

ጎልፍ እጫወታለሁ ስል ያገሬ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ዋጋውን ይጠይቃል። ሁለቱንም ለምጃቸዋለሁ። ይህን የምጽፈው ግን ጨዋታውን ገና ላልሞከሩት አይደለም። ጀምረው፣ ወደውት፣ ከዚያ ሃንዲካፕ የሚባለው፣ ሰው በደህና ቀኑ ለሜዳው ከተመደበው ምት ስንት እንደሚጨምር የሚያሳየውና ሲያንስ የሚሻለው ቁጥር እንቅልፍ የነሣቸው እኅቶችና ወንድሞች አሉ፤ እዚህ ዲሲና ሜሪላንድ ሜዳ ላይ አልፎ አልፎ አገኛቸዋለሁ። እኔንም ያ ቁጥር አንድ ሙሉ ወቅት አሯሩጦኛል። ክርኔን አሳምሞኛል፣ ከባለቤቴ ጋር አኳርፎኛል። በመጨረሻ ወርዷል፤ የወረደበት መንገድ ግን እኔ ያሰብኩት አልነበረም።

የማታ ተረኛ ነርስ ነኝ፤ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሥራ ጓደኞቼ አንድ ቅዳሜ ጎትተው ስላይጎ ክሪክ ወደሚባለው የካውንቲ ሜዳ ወሰዱኝ። ዘጠኝ ጉድጓድ ብቻ ያለው፣ አባል ሁኑ የማይል፣ ለጀማሪ የሚመች ቦታ ነው። በዚያው ቀረሁ። ደብረ ብርሃን ላለው አባቴ ነገሩን በስልክ ሳስረዳው "ታዲያ ገና ነዋ!" አለኝ፤ እውነትም የመጀመሪያ ሰሞን አመታቴ የገና ዱላ እንደያዘ ጎረምሳ ነበር። ሁለተኛ ዓመቴ ሲያልቅ ሃንዲካፔ 34 ደረሰ። በብርዱ ወራት ቤት ተቀምጬ "18" ብዬ በትልቁ ጻፍኩና ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ሜሪላንድ ውስጥ ለሃንዲካፕ የሚሆን ውጤት የሚመዘገበው ከማርች 15 እስከ ኖቬምበር 14 ነው። ስምንት ወር አለኝ፣ በወር ሁለት ነጥብ ብቀንስ አልፋለሁ፣ አልኩ። ሒሳቡ ወረቀት ላይ ያምር ነበር።

18ን የመረጥኩት በየጉድጓዱ ከፓር (ለጉድጓዱ ከተመደበው የምት ብዛት) አንድ ምት መብለጥ፣ ማለትም ቦጊ መጫወት፣ ተራ ነገር መስሎኝ ነው። በኋላ እንደተረዳሁት የአሜሪካው የጎልፍ ማኅበር ሜዳ ሲመዝን "ቦጊ ተጫዋች" የሚላት ሴት ሃንዲካፗ 24 አካባቢ የሆነችውን ነው፤ ለወንድ ደግሞ 20 አካባቢ። እኔ ሁለተኛ ዓመቴን የጨረስኩት ሴትዮ ከዚያች በስድስት የተሻልኩ ልሆን ነበር ያሰብኩት። ትልቅ ግብ መያዝ አልነቅፍም፤ ትልቅነቱን አውቆ መያዝ ግን ሌላ ነው።

ስለዚህ ምንም ከመለጠፋችሁ በፊት ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራ እወቁ። ብዙዎቻችን ሃንዲካፕ ያማካይ ውጤታችን ይመስለናል። ከ2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ ስሌት የሚወስደው ከመጨረሻዎቹ 20 ዙሮቻችሁ የተሻሉትን 8 ብቻ ነው። የቀሩት 12ቱ እንዳልነበሩ ናቸው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ትልቅ ነው፦ የዘወትር ቀናችሁ ሁልጊዜም ከሃንዲካፓችሁ የባሰ ይሆናል። በቁጥራችሁ ልክ የምትጫወቱት ከአራት ወይም ከአምስት ዙር አንዴ ቢሆን ነው፣ ያ ደግሞ ጤነኛ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ በየሳምንቱ "ዛሬም አልሆነልኝም" እያልኩ እየተበሳጨሁ ወደ ቤት እገባ ነበር። ምንም ያልጠፋ ነገር ፍለጋ ማለት ነው።

ውጤታችሁም እንዳለ አይገባም። የሜዳው ሬቲንግ፣ ማለትም ጎበዝ ተጫዋች እዚያ ይመታዋል የሚባለው ቁጥር፣ ይቀነስለታል፣ በ113 ይባዛል፣ ለሜዳው ስሎፕ፣ ማለትም ለክብደቱ መለኪያ፣ ይካፈላል። ሬቲንጉ 70.2፣ ስሎፑ 120 በሆነ ሜዳ 104 ብትመቱ 31.8 ይወጣል ማለት ነው። 113 መካከለኛ ክብደት ላለው ሜዳ የተቀመጠ ነው፤ ስለዚህ ከባድ ሜዳ ላይ የተመታ 104 ከቀላል ሜዳ 104 ይሻላል። ሌላው ደግሞ ጣሪያው ነው። አንድ ጉድጓድ ላይ 12 ብትመቱ 12 አይመዘገብም፤ የሚመዘገበው ከፍተኛው ቁጥር ፓር ሲደመር ሁለት ሲደመር ሃንዲካፓችሁ ለዚያ ጉድጓድ የሚሰጣችሁ ትርፍ ምት ነው። ሃንዲካፓችሁ 34 ገደማ ከሆነ ባብዛኛው ጉድጓድ ላይ ሁለት ትርፍ ምት አላችሁ፤ ፓር 4 ላይ ጣሪያችሁ 8 ይሆናል። እና እባካችሁ፣ አንድ ጉድጓድ ስለተበላሸ ቀኑን አትጣሉት። ከስምንት በላይ የመታችሁትን ስሌቱ ራሱ ይቅር ይላችኋል።

አንድም ነገር ልጨምር፣ ብዙ ዙር ስላስከፈለኝ። እዚህ አሜሪካ ብቻችሁን የተጫወታችሁት ዙር ለሃንዲካፕ አይመዘገብም፤ ቢያንስ አንድ ሰው አብሯችሁ መሆን አለበት። እኔ ከማታ ተረኝነት ወጥቼ፣ ጠዋት ሰው ሳይመጣ፣ ብቻዬን እየተጫወትኩ የወቅቱን ምርጥ ውጤቶቼን አምጥቻለሁ። አንዳቸውም አልተቆጠሩም።

ወደ ጸደዩ ልመለስ። ቁጥሩን የማወርደው ኳስ በማብዛት ነው ብዬ ስለወሰንኩ ከሥራ በወጣሁ ቁጥር መለማመጃው ላይ ትልቁን ቅርጫት እያስሞላሁ፣ ሰው ሠራሽ ምንጣፉ ላይ እስኪደክመኝ እመታ ነበር። በአብዛኛው በድራይቨር፣ ማለትም ለሩቅ ምት በሚሆነው ረጅሙ ዱላ፣ ምክንያቱም 200 ያርድ ካልመታሁ 18 የማይታሰብ መስሎኝ። ድራይቨሩ የባለቤቴ ነበር፤ ለእኔ ረጅምና ደረቅ ነው። ሜይ ሳይጋመስ የቀኝ ክርኔ የውስጥ በኩል ማመም ጀመረ። መርፌ ስይዝ ያመኛል፣ በር ስከፍት ያመኛል። ነርስ ነኝ፣ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የጎልፍ ተጫዋች ክርን እየተባለ በስሙ የሚጠራ የጅማት ጉዳት ነው። እያወቅሁ መምታቴን ቀጠልኩ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ያዘዘችልኝ እረፍትና ቀላል ክብደት ይዞ አንጓን ቀስ ብሎ ወደ ታች ማውረድ ነበር፤ አሰልቺ ነው፣ ይሠራል። ምንጣፉ ከሥሩ ሲሚንቶ ስላለ ዱላው ሲነካው ንዝረቱ ክንድ ላይ ያርፋል። የምትለማመዱበት ቦታ ሣር ካለው ሣሩ ላይ ምቱ። ከሌለው የኳሱን ብዛት ቀንሱ፣ በየምቱ ዱላና ዒላማ ቀይሩ። ሜዳ ላይ በአንድ ዱላ ተከታትሎ የሚመታ የለምና።

ስለ 200 ያርዱ ደግሞ ይህን ስሙኝ፦ ያው የጎልፍ ማኅበር ሲያሰላ ቦጊ የምትጫወት ሴት ከቲ፣ ማለትም ከመነሻው ቦታ፣ 150 ያርድ ያህል ትመታለች ብሎ ነው የሚነሣው። እኔ ያን ጊዜም 150 እመታ ነበር። ክርኔን የጎዳሁት ላልጎደለኝ ነገር ነው። ያገለገለ የሴት ዱላ ስብስብ ገዛሁ፤ 3 እና 4 አይረን የሚባሉትን ለመምታት የሚከብዱ የብረት ዱላዎች ትቼ ለመምታት በሚቀልለው ሃይብሪድ ተካሁ፤ የፊተኛው ቲ ላይ መጫወት ጀመርኩ። እዚህ ላይ ወንዶችም ስሙ፦ ወደ ፊት ቀርቦ መጫወት ማጭበርበር አይደለም፣ ሬቲንጉ በየቲው ለብቻው ተሠርቷል፣ ስሌቱ ያስተካክለዋል።

ከዚያ ፍልሰታ መጣ። ኦገስት በዚህ አገር ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሙቀቱ ብቻውን አይደለም፣ ወበቁ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳልቀምስ 18 ጉድጓድ በእግሬ ስሄድ፣ ከ12ኛው በኋላ ፓተሩን (ኳሱን ወደ ጉድጓዱ የምንገፋበትን ዱላ) የያዘው እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አብረውኝ የነበሩት ጋሪያቸው ላይ አስቀመጡኝ። ጾሙን ለጎልፍ ብዬ አልተውም፣ ጎልፉንም ለሁለት ሳምንት መተው ያን ጊዜ አልሆነልኝም። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ከቅዳሴ በኋላ አፍጥሮ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ አመሻሽ ላይ ዘጠኝ ጉድጓድ መጫወት። ዋጋውም በዚያ ሰዓት ይቀንሳል። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ የዘጠኝ ጉድጓድ ውጤት ሌላ ግማሽ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ስሌቱ ለቀሪው ዘጠኝ ከእናንተ የሚጠበቀውን ጨምሮ ወዲያው ይመዘግበዋል። እንደ እኔ በፈረቃ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በዐቢይ ጾምም ቦርሳዬ ውስጥ ቆሎና ቴምር አይጠፋም፤ ሜዳው ላይ የሚሸጠው ሳንድዊች ሁሉ ሥጋና አይብ ነው።

በቤት ውስጥ ነገሩ እየከረረ ነበር። አንድ 18 ጉድጓድ ከመንገዱ ጋር ስድስት ሰዓት ይበላል። ባለቤቴ ታጋሽ ሰው ነው፤ አንድ እሑድ ግን ልጆቹን ብቻውን ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ሲመለስ "እኔ ምልሽ፣ ያገባሽው እኔን ነው ጎልፉን?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ተቀምጠን የሳምንቱን ሰዓት ተከፋፈልን፦ እሑድ የቤተሰብ፣ አንድ ማታ ዘጠኝ ጉድጓድ፣ በሁለት ሳምንት አንድ ጠዋት ሙሉ ዙር። ጨዋታዬ የተሻሻለው ሰዓቴ ካነሰ በኋላ መሆኑን ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል። ግብ የምትይዙ ሰዎች፣ ቤታችሁ ካለው ሰው ጋር ሰዓቱን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በመሀል ሲሆን ይመራል።

ነገሩ የተለወጠው ላንግስተን ላይ ነው። ላንግስተን ዲሲ ውስጥ፣ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ያለ የሕዝብ ሜዳ ነው፤ የተከፈተው በ1939 ነው። ጥቁሮች በከተማው ሜዳዎች ላይ እንደ ልብ መጫወት በማይችሉበት ዘመን፣ በ1937 የተመሠረተው ዌክ-ሮቢን የተባለ የጥቁር ሴቶች የጎልፍ ክለብ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሃሮልድ ኢክስ አቤቱታ ካቀረቡት አንዱ ነበር። በ1975 በማስተርስ ውድድር የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች የሆነው ሊ ኤልደርም ይህን ሜዳ አስተዳድሮታል። ይህን ሁሉ የነገሩኝ እዚያ በአንድ ምድብ ያገናኘን አንድ ሽማግሌ ናቸው። ኳሱን ከእኔ ብዙም አያርቁትም። 80 አካባቢ ይመታሉ።

ሽማግሌው አብረን ስንጫወት ቆዩና አንድ ቀን ካርዴን ተቀበሉኝ። "አንቺ የምትጽፊው ስንት እንደመታሽ ብቻ ነው፤ ለምን እንደመታሽ አትጽፊም" አሉኝ። ከዚያ አራት ምልክት አሳዩኝ። ኳስ ጠፍቶ ወይም ውኃ ገብቶ ቅጣት ሲኖር አንድ ነጥብ። ግሪኑ (ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር) አጠገብ ሆኜ ኳሱን ግሪን ላይ ለማድረስ ከአንድ በላይ ምት ሲፈጅብኝ ጭረት። ግሪኑ ላይ ሦስት ፓት (የፓተር ምት) ሲሆን ክብ። ዛፍ ውስጥ ሆኜ በቅርንጫፎች መሀል ወደ ፊት ለማሳለፍ ስሞክር ደግሞ መስቀል። መስቀሉን ሲነግሩኝ ሳቁ፤ ለምን እንደሳቁ የገባኝ የሴፕቴምበርን ካርዶች ጎን ለጎን ስዘረጋ ነው። ሰባቶቼና ስምንቶቼ ያሉበት ጉድጓድ ሁሉ ቢያንስ አንድ ምልክት አለበት፣ ብዙዎቹ ሁለት። ምልክት የሌለባቸው ጉድጓዶች ላይ ቦጊ ወይም ፓር ነው ያለው። ከቲ አጭር በመምታቴ ብቻ የተበላሸ ጉድጓድ አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ ፍሪጁ ላይ ያለውን 18 አንሥቼ "በዘጠኝ ጉድጓድ ከሁለት ምልክት በታች" ብዬ ለጠፍኩ። ይህን ለመቆጣጠር እችላለሁ፤ ሃንዲካፑን አልችልም።

መስቀሉን ለማጥፋት አንድ ቀን በቃ፣ ውሳኔ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ዛፍ ውስጥ ከገባችሁ በቅርቡ ወዳለው ፌርዌይ (የታጨደው የሜዳ መሀል)፣ ወደ ጎንም ቢሆን፣ አውጡት። ጨርሶ የማይመታ ከሆነ በአንድ ቅጣት ምት፣ ወደ ጉድጓዱ ሳትቀርቡ፣ ኳሱን አንሥታችሁ በሁለት ዱላ ርዝመት ውስጥ ትጥሉትና ትቀጥላላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ደንብ ያውቀዋል፣ አይጠቀምበትም፤ ኩራት ይመስለኛል።

ነጥቡ፣ ማለትም ቅጣቱ፣ ረዘም ያለ ሥራ ፈጀ። ከቲ ላይ ግራ ወይም ቀኝ ውኃ ሲኖር ድራይቨሩን ቦርሳ ውስጥ ትቼ ሃይብሪድ ማውጣት ጀመርኩ። ሃያ ያርድ አጣለሁ፣ ኳሴን ግን አገኘዋለሁ። ኳስ የጠፋ ከመሰላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ጊዜያዊ ኳስ ምቱ፤ መፈለጊያው ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው፣ ካልተገኘ ተመልሶ ከዚያው መምታት ግዴታ ነው። "አጭሩን ጨዋታ ብቻ ተለማመዱ" የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደሉም። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማርክ ብሮዲ የብዙ ተጫዋቾችን ምት አጥንተው እንዳሳዩት፣ በጥሩና በደካማ ተጫዋች መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሦስተኛው ያህል የሚመጣው ከ100 ያርድ በላይ ካሉት ምቶች ነው። ለእኔ ያ ልዩነት ርቀት አልነበረም፤ ኳሱ ሜዳ ውስጥ መቅረቱ ነበር።

ጭረቱ ላይ ያገዘኝ ዱላ መቀየር ነው። ግሪን አጠገብ ሁሉን በረጅም ቅስት አነሣ ነበር፣ ግማሹን ጊዜ መሬቱን እየቆፈርኩ፣ ሌላውን ጊዜ ኳሱን በጠርዝ እየመታሁ ወደ ማዶ እልከዋለሁ። አሁን በእኔና በጉድጓዱ መሀል አሸዋ ከሌለ 8 አይረን ይዤ እንደ ፓት ገፋ አደርጋለሁ፤ ትንሽ ይነሣና ይንከባለላል። ለዓይን አያምርም።

ክቡን በተመለከተ የአሜሪካ ባለሙያ ወንዶችን ቁጥር ማወቁ አጽናናኝ። እነሱ እንኳ ከስምንት ጫማ ርቀት የሚያስገቡት ግማሽ ያህሉን ነው፤ ከ33 ጫማ ደግሞ አማካያቸው ሁለት ፓት ነው። እኔ ከ33 ጫማ ለማስገባት እየሞከርኩ አምስት ጫማ አሳልፈው ነበር። አሁን ከጨዋታ በፊት ካለኝ ደቂቃ አብዛኛውን የምጠቀመው ረጅም ፓት እየመታሁ አጠገቡ እንዲቆም በማድረግ ነው፣ ጉድጓዱን ሳላይ እንኳ። ቀሪውን ከሦስት ጫማ። በመሀል ያለው ርቀት በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ኖቬምበር 14 ሲደርስ ሃንዲካፔ 26.3 ነበር። 18 አልነበረም፤ አላዘንኩም ብል ውሸት ነው፣ ግን አብዛኛው የወረደው በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ነው። በሚቀጥለው ወቅት 21 ውስጥ ገባሁ፣ አሁን 19.4 ላይ ነኝ። ከ20 በታች ያለው አካሄድ ሌላ ነው፤ ጣሪያው ይወርዳል፣ ፓር 4 ላይ ስምንት የነበረው ሰባት ይሆናል፣ ቁጥሩ በአሥርዮሽ ነው የሚቀንሰው። ዘንድሮ ትምህርት ለማግኘት አዲስ ድራይቨር ልገዛበት የነበረውን ገንዘብ ለአሠልጣኝ ከፈልኩ። ከጀመርኩበት ቀን ጀምሮ እንዲህ ማድረግ ነበረብኝ።

ባለፈው ሰሞን አንዲት እኅት ከ40 ወደ 20 በአንድ ወቅት ልወርድ ነው አለችኝ። በወር ስንት ዙር ትችያለሽ አልኳት፤ ሁለት አለችኝ። አብረን ቆጠርነው። በስምንት ወር 16 ዙር ነው። ስሌቱ የሚያየው የመጨረሻዎቹን 20 ስለሆነ፣ ኖቬምበር ላይ እንኳ ካምናው አራት ዙር ካርዷ ላይ ይኖራል፤ የሚወሰዱት ስምንቱም ከወቅቱ መጀመሪያ፣ ገና ስትማር ከመታቻቸው፣ ጋር ይደባለቃሉ። በ40 የጀመረ ሰው በዚህ ፍጥነት 20 ቢገባ ተአምር ነው። ቀነ ገደቡን ወደ ቀጣዩ ዓመት ኖቬምበር አዛወረችውና ረቡዕ ማታ ዘጠኝ ጉድጓድ ጨመረች። አብሬያት ስለምጫወት ይመዘገብላታል።